ዓሣን ማየትም በብልሃት ነው፦ የአትላንታው አኳሪየም ምን ያሳየናል? ምንስ ይደብቅብናል?

«ዓሣን መብላት በብልሃት» ይላል ያገራችን ሰው። እሾሁ ጉሮሮ ላይ እንዳይሰነቀር ነው ምክሩ። ዛሬ ግን ስለ መብላት አናወራም፤ ስለ ማየት ነው። ዓሣን በትልቅ መስታወት በኩል ማየትም የራሱ እሾህ አለውና።

የምንወስዳችሁ ጆርጂያ አኳሪየም ወደሚባል ቦታ ነው፤ አሜሪካ፣ አትላንታ ከተማ መሃል። ለምን እሱን መረጥን? አንደኛ፣ ከዓለም ትልልቅ አኳሪየሞች አንዱ ስለሆነ። ሁለተኛ፣ አትላንታና አካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ። ከ2023 ጀምሮ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደዚያ ይበራል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዘመድ ሊጠይቅ የሄደ ሰው፣ በተለይ ልጅ ካስከተለ፣ «ነገ አኳሪየም እንወስዳችኋለን» መባሉ አይቀርም። ሦስተኛው ምክንያት ግን ዋናው ነው፤ እዚያ ገንዳ ውስጥ የሚዋኘው ትልቁ እንስሳ የኛ ጎረቤት ነው። ይሄን ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ስለ ፊልም፣ ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ቴአትር ሂስ ይጻፋል። ስለ አኳሪየምስ? ለምን አይጻፍም! አኳሪየምም እኮ ድርሰት ነው። ምን እንደሚታይ፣ ከየት አቅጣጫ እንደሚታይ፣ የትኛው ቦታ እንደሚጨልምና የትኛው እንደሚበራ፣ ምን ሳይታይ እንደሚቀር ቁጭ ብሎ የወሰነ ሰው አለ። ስለዚህ እንደማንኛውም ድርሰት ሊነበብም ሊተችም ይችላል። የኛ ትችት ባጭሩ ይኸው፦ ትልቁ መስታወት የእንስሳውን መልክ አሳምሮ ያሳየናል፤ ኑሮውን ግን ሊያሳየን አይችልም። ችግሩ፣ ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ተመልካች ሁለቱንም ያየ መስሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከባሕር የራቀ ባሕር

መጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። አኳሪየሙ በኖቬምበር 2005 ተከፈተ። ለግንባታው 250 ሚሊዮን ዶላር የለገሱት በርኒ ማርከስ የተባሉ ባለሀብት ናቸው፤ ሆም ዲፖ የሚባለውን የግንባታ ዕቃ መደብር ከመሠረቱት አንዱ ነበሩ። ሲከፈት ከዓለም አንደኛ ነበር፤ በኋላ በሲንጋፖርና በቻይና የተሠሩ በልጠውታል።

የቤቱ ዋና ጌጥ ኦሽን ቮያጀር የሚባለው ገንዳ ነው። ወደ 24 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ይይዛል። ርዝመቱ 87 ሜትር፣ ስፋቱ 38 ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ እንደየቦታው ከ6 እስከ 10 ሜትር ነው። ውስጡ ሻርኮች፣ ማንታ ሬዮችና በሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ዓሦች ይዋኛሉ። ወደ 30 ሜትር በሚረዝም ግልጽ ዋሻ ውስጥ ስታልፉ ዓሦቹ ከጭንቅላታችሁ በላይ ይሄዳሉ።

አሁን አንድ ጥያቄ፦ አትላንታ ከባሕር ዳርቻ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ታዲያ ይሄ ሁሉ የባሕር ውሃ ከየት መጣ? መልሱ «ከቧንቧ» ነው። የከተማው ውሃ ይጣራል፣ ከዚያ ጨው ይጨመርበታል። እስቲ አብረን እናስላው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። 24 ሚሊዮን ሊትር ሲሆን ከ800 ቶን ይበልጣል፤ ማለትም ከ8,000 ኩንታል በላይ። አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ይጭናል ብንል ከ160 በላይ አይሱዙ ሙሉ ጨው ነው። ያውም ለአንድ ገንዳ ብቻ!

ጨው መጨመር ደግሞ ቀላሉ ሥራ ነው። ዓሣ ሲበላም ሲተነፍስም አሞኒያ የሚባል መርዛማ ቆሻሻ ወደ ውሃው ይለቃል። ባሕር ውስጥ ቢሆን ይበተን ነበር፤ ገንዳ ውስጥ ግን ይጠራቀምና ዓሣውን ይገድለዋል። የሚያድነው ባክቴሪያ ነው። አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ናይትራይቱን የመርዝነት ኃይሉ ወደቀነሰ ናይትሬት ይለውጡታል። ስለዚህ የአኳሪየም እውነተኛ ጀግኖች ተመልካች ዓይኑን የሚተክልባቸው ሻርኮች አይደሉም፤ ከማጣሪያው ውስጥ ያሉት፣ በዓይን የማይታዩት ናቸው። እዚህ ላይ የመጀመሪያውን የትችት ትምህርት ያዙ፦ በማንኛውም ትዕይንት ላይ መብራት ያልበራበትን ነገር ጠይቁ።

መስታወት ያልሆነው መስታወት

ከዋሻው አልፋችሁ የምታገኙት ጨለም ያለ ትልቅ አዳራሽ ነው። ፊት ለፊት 18 ሜትር ተኩል የሚሰፋ፣ 7 ሜትር ከፍታ ያለው መስኮት አለ። እዚያ የደረሰ ሰው ሁሉ ድምፁን ይቀንሳል። ሕፃን የያዘ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው ስልኩን ያወጣል።

መስኮቱን «መስታወት» ብንለውም መስታወት አይደለም። አክሪሊክ የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ሲሆን ውፍረቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለምን ይሄን ያህል ወፈረ? የውሃ ግፊት ነዋ! 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ውሃው በያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 10 ቶን በሚጠጋ ክብደት ይገፋል። አንዲት ቪትዝ አንድ ቶን ገደማ ትመዝናለች ካልን፣ በአንድ በር በምታክል ቦታ ላይ አሥር፣ ከዚያም በላይ ቪትዝ ተደርድሮ እንደመጫን ነው።

አስገራሚው ነገር፣ ይህ ግፊት ከመስኮቱ ጀርባ ካለው የውሃ ብዛት ጋር አይገናኝም። የሚወስነው ጥልቀቱ ብቻ ነው። ከመስኮቱ ጀርባ 38 ሜትር ውሃ ቢኖርም አንድ ሜትር ብቻ ቢኖርም፣ ጥልቀቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ግፊቱ ያው ነው። አላመናችሁም? ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰዱ። ከላይ፣ ከመሃልና ከታች አንዳንድ ቀዳዳ አብጁለትና ውሃ ሙሉት። የታችኛው ቀዳዳ ከሁሉም በላይ በኃይል ይተፋል። ከዚያ ሰፋ ባለ ጀሪካን ሞክሩት፤ በእኩል ጥልቀት ላይ ከተበሳ ውሃው በእኩል ኃይል ነው የሚወጣው።

ይሄ መስኮት ግን አንድ ነገር ይዋሻል። ብርሃን ከውሃ ወጥቶ ወደ አየር ሲገባ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ የተሰበረ የሚመስለው ለዚህ ነው። በዚህ ስብረት የተነሳ፣ ከመስኮቱ ጀርባ 4 ሜትር ላይ ያለ ዓሣ ፊት ለፊት ሲታይ 3 ሜትር ላይ ያለ ይመስላል። የቀረበ ስለሚመስልም ፊታችሁን ወደ መስኮቱ ካስጠጋችሁ እስከ ሲሶ ያህል ገዝፎ ይታያችኋል። በሌላ አነጋገር፣ በዓለም ትልቁን ዓሣ እንኳ አሳድጎ የሚያሳይ መስኮት ነው ያለው። ይሄን ውሸት አንወቅሰውም፤ የፊዚክስ ሕግ ነው። ሌሎቹ ውሸቶች ግን የሰው ናቸው።

ስሙ ዓሣ ነባሪ፣ እሱ ግን ዓሣ

ያ በዓለም ትልቁ ዓሣ በእንግሊዝኛው ዌል ሻርክ ይባላል፤ ቃል በቃል «ዓሣ ነባሪ ሻርክ» እንደማለት። ስያሜው ሁለት ቋንቋ አሳስቷል። እኛ ዓሣ ነባሪን «ዓሣ» ብለን እንጠራዋለን፤ ነገር ግን ዓሣ አይደለም፤ በሳንባ የሚተነፍስ፣ ልጁን የሚያጠባ እንስሳ ነው። እነሱ ደግሞ እውነተኛውን ዓሣ የአጥቢ እንስሳ ስም ለጠፉበት። ዌል ሻርክ በስንጥብ ነው የሚተነፍሰው። ሲያድግ እስከ 18 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ አንድ ረጅም የከተማ አውቶቡስ ከነግማሹ በሉት።

ሻርክ ሲባል ደም የሚመጣባችሁ ካላችሁ ተረጋጉ። ይህ ሻርክ አፉን ከፍቶ ውሃ እያጣራ ፕላንክተን፣ የዓሣ እንቁላልና ትናንሽ ዓሦችን የሚበላ ጭምት ፍጡር ነው። አትላንታ ውስጥ ሠራተኞች ከላይ በጀልባ ሆነው በትልቅ ጭልፋ ያበሉታል። ጀርባው ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለው። ያቺን ነጠብጣብ አትርሷት፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

ገንዳው የማያሳየው

አሁን ወደ ዋናው ትችት እንግባ። ሦስት ነገሮችን ገንዳው ሊያሳይ አይችልም።

አንደኛው ጥልቀት ነው። ዌል ሻርክ ላይ መቆጣጠሪያ መሣሪያ ያሠሩ ተመራማሪዎች ከ1,900 ሜትር በላይ ጠልቆ እንደሚወርድ መዝግበዋል። የገንዳው ጥልቀት ቢበዛ 10 ሜትር ነው። ሙሉ ያደገ ዌል ሻርክ በቁመቱ ቀጥ ብሎ ቢቆም እዚያ ገንዳ ውስጥ አይበቃውም።

ሁለተኛው ርቀት ነው። ከፓናማ አካባቢ ምልክት የተደረገባት አንዲት ዌል ሻርክ ፓስፊክን አቋርጣ ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛለች። በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ትዋኛለች እንበል። የአትላንታውን ገንዳ ከጫፍ ጫፍ ለማዳረስ አንድ ደቂቃ ተኩል ይበቃታል። ከዚያ መዞር አለባት። እንደገና መዞር፣ እንደገና መዞር። እኛ ግን መስኮቱ ፊት አምስትና አሥር ደቂቃ ስለምንቆም ዙሩን አናስተውለውም፤ በየጊዜው አዲስ ዓሣ የመጣ ይመስለናል።

ሦስተኛው ዘመን ነው። በ2020 የወጣ ጥናት አንዲት ዌል ሻርክ 50 ዓመት ገደማ እንደኖረች አረጋግጧል። እንዴት አወቁ ብትሉ፣ የጀርባ አጥንቷ ላይ እንደ ዛፍ ግንድ ያሉ የዕድገት ቀለበቶች አሉ፤ ቀለበቶቹን በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ከተደረጉ የኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች በተረፈ የካርቦን ምልክት አመሳክረው ነው። ከዚያም በላይ ሊኖሩ እንደሚችሉ ይገመታል። የአንድ ከሰዓት ጉብኝት የ50 ዓመት ሕይወትን እንዴት ያሳያል?

ይሄ ሁሉ የአኳሪየሙ ጥፋት ነው ማለታችን አይደለም። 1,900 ሜትር የሚጠልቅ ገንዳ ማን ይሠራል? ነጥቡ ሌላ ነው። መጽሐፍ ቢሆን «ይህን ምዕራፍ አልጻፍኩትም» ማለት ይችላል። መስኮቱ ግን በጣም ግልጽ፣ በጣም ሰፊ ስለሆነ የጎደለ ምዕራፍ ያለው አይመስልም። ውበቱ ራሱ ነው የሚያታልለን።

ከታይዋን እስከ አትላንታ

ጆርጂያ አኳሪየም ከ2005 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት ስድስት ዌል ሻርኮችን ከታይዋን በጭነት አውሮፕላን አስመጥቷል። ታሪኩን በሁለት በኩል መስማት ያስፈልጋል።

የአኳሪየሙ ወገን ክርክር ቀላል አይደለም። በዚያን ጊዜ ታይዋን ውስጥ ዌል ሻርክን በኮታ ማጥመድ ሕጋዊ ነበር። ሥጋው ነጭና ለስላሳ ስለሆነ እዚያ «ቶፉ ሻርክ» ይሉታል። የተገዙት ከዚያ ኮታ ውስጥ ነው፤ ባይገዙ ኖሮ ገበያ ላይ በኪሎ ይሸጡ ነበር። ታይዋን በ2008 ማጥመዱን ሙሉ በሙሉ ከለከለች። ከዚያም በላይ ሳይንስ አትርፏል። በ2017 የታተመው የዌል ሻርክ ጂኖም ከዚህ አኳሪየም ከነበረ ዌል ሻርክ በተወሰደ ናሙና የተሠራ ነው። የአኳሪየሙ ተመራማሪዎችም በሜክሲኮዋ ዩካታንና በቅድስት ሄለና ደሴት ዙሪያ ዱር ያሉትን ዌል ሻርኮች አጥንተዋል። የቲኬት ገንዘብ ባይኖር ይህን ማን ይከፍል ነበር?

በሌላ በኩል ግን የሞቱትን እንቁጠር። መጀመሪያ የመጡት ሁለቱ ወንዶች፣ ራልፍና ኖርተን፣ በ2007 በወራት ልዩነት ሞቱ። ሁለቱ ሴቶች፣ ትሪክሲና አሊስ፣ በ2020ና በ2021 ተከተሏቸው። 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖር ለሚችል ዘር ይሄ ረጅም ዕድሜ አይደለም። እርግጥ ዱር ውስጥም ስንቱ ወጣት ሻርክ እንደሚሞት መርሳት የለብንም። ቢሆንም እስከ 2021 ድረስ ብቻ ከስድስት አራት ማጣት ቀላል ቁጥር አይደለም።

የኛ ፍርድ ምንድን ነው? በ2006 «ከገበያ አተረፍናቸው» ማለት ያስኬድ ነበር። ከ2008 በኋላ ግን ያ በር ተዘግቷል። በ2016 ዌል ሻርክ ሊጠፉ ከተቃረቡ ዝርያዎች ተራ በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ገብቷል። ዛሬ ገንዳ ለመሙላት ሲባል ሌላ ዌል ሻርክ ከባሕር የሚያስወጣ ምክንያት የለም። መስኮቱ ውብ ነው፤ እነዚያ ስድስቱ ግን የመጨረሻዎቹ ቢሆኑ ይሻላል።

የሕግ መስመር

ይህ ቅዠት እንዳይመስላችሁ በዚያው ቤት የሆነውን እንንገራችሁ። አኳሪየሙ በ2012 ከሩሲያ ኦኮትስክ ባሕር የተያዙ 18 ቤሉጋዎችን ለማስገባት ፈቃድ ጠየቀ። ቤሉጋ ነጭ፣ የሰሜን ዋልታ አካባቢ ዓሣ ነባሪ ነው። ብዙ ሰው ተቃወመ፤ የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት በ2013 ፈቃዱን ከለከለ፤ አኳሪየሙ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2015 ተረታ። በ2016 ደግሞ ከዱር የተያዙ ዶልፊኖችንና ቤሉጋዎችን ከእንግዲህ እንደማያስገባ ራሱ አስታወቀ። ትችት፣ ሕግና ሕዝብ ሲተባበሩ ትልቅ ተቋምም ሐሳቡን ይቀይራል ማለት ነው።

ግን አስተውሉ። ቤሉጋውን የጠበቀው የ1972ቱ የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ ነው። ዌል ሻርክ ስሙ ዓሣ ነባሪ ቢሆንም ዓሣ ነው፤ ሕጉ አይመለከተውም። ቅድም ስለ ስም የቀለድነው ቀልድ እዚህ ጋ ቁም ነገር ሆነ፦ ጡት ማጥባትና አለማጥባት ጠበቃ በማግኘትና ባለማግኘት መካከል መስመር አሠመረ።

ሌሎቹስ እንዴት አደረጉ?

ጃፓን፣ ኦኪናዋ የሚገኘው ቹራውሚ አኳሪየም በ1995 የገባ ወንድ ዌል ሻርክ አለው። ገንዳው 7.5 ሚሊዮን ሊትር ነው፤ የአትላንታውን ሲሶ አያክልም። ሆኖም ያ ሻርክ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ኖሮ ለአካለ መጠን ሲደርስ ተመራማሪዎች ተከታትለውታል። ስለዚህ «ገንዳው በሰፋ ቁጥር ኑሮው ይረዝማል» የሚለው ቀላል መልስ አይሠራም።

ካሊፎርኒያ የሚገኘው ሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም ደግሞ ሌላ መንገድ ሞከረ። በ2004 አንዲት ወጣት ታላቅ ነጭ ሻርክ አስገባና ከ198 ቀን በኋላ መቆጣጠሪያ አሥሮ ወደ ባሕር መለሳት። እስከ 2011 አምስት ሌሎች እንዲሁ ገብተው ወጥተዋል፤ የመጨረሻው ከተለቀቀ በኋላ ሞተና ሥራው ቆመ። ፍጹም አልነበረም። ግን ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ መሄዷ ራሱ የትዕይንቱ አካል ሆነ። ተመልካቹ እንስሳዋን ብቻ ሳይሆን ቤቷ ሌላ ቦታ መሆኑን ጭምር አየ።

ጎረቤታችን

ይኸው ቃላችንን እንጠብቅ። ካርታ አውጡና ጂቡቲን ፈልጉ። ባሕሩ ወደ መሬቱ ገባ ብሎ የሠራው ጎድጓዳ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይባላል። በየዓመቱ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ባሉት ወራት፣ በኛ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር፣ ዌል ሻርኮች እዚያ ይሰበሰባሉ። አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ፕላንክተን ፍለጋ ወደ ዳርቻው ይጠጋሉ። አትላንታ ድረስ ሄደን «የሌላ ዓለም ፍጡር» ብለን የምናየው እንስሳ ከድሬዳዋ ብዙም በማይርቅ ውሃ ውስጥ ይበላል።

አሁን ደግሞ ያንኑ ካርታ እንደገና እዩት። የጂቡቲ ወደብ ያለው የዚሁ ባሕረ ሰላጤ ዳር ላይ ነው። አብዛኛው ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ዕቃ በዚያ ያልፋል፦ ነዳጁ፣ ማዳበሪያው፣ ምናልባትም ይህን የምታነቡበት ስልክ። በ2022 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ከ300 በላይ ዌል ሻርኮችን ጉዞ ከመርከቦች መስመር ጋር አነጻጽሮ፣ የመርከብ ግጭት ሳይታይ የሚፈጃቸው ትልቅ አደጋ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ሳይታይ የተባለው ዌል ሻርክ ሲሞት ስለሚሰምጥ ነው፤ ሬሳ ዳር አይወጣም። ጂቡቲ ላይ ከተጠኑት ብዙዎቹም ከጀልባ ወይም ከፕሮፔለር የመጣ የሚመስል ጠባሳ አለባቸው፤ የአሣ አጥማጅና የቱሪስት ትናንሽ ጀልባዎችም በዚህ ውስጥ ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል።

ስለዚህ የአትላንታው መስኮት ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው። እንስሳውን ካለበት ዓለም ነጥሎ ስለሚያሳይ፣ ከኛ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ይቆረጣል። «ምስኪን፣ እንዴት ያምራል!» ብለን እንወጣለን። የኛ ዕቃ የሚያልፍበት መርከብ ከሱ መንገድ ጋር እንደሚገናኝ ትዝ አይለንም።

ደስ የሚለው፣ ገመዱን መልሶ መቀጠል ይቻላል። ያቺ ነጠብጣብ እዚህ ጋ መጣች። የያንዳንዱ ዌል ሻርክ ነጠብጣብ እንደ ጣት አሻራ የተለየ ነው። በ2005 አንድ የሥነ ፈለክ ተመራማሪና ሁለት ባልደረቦቹ፣ በቴሌስኮፕ ፎቶ ላይ ያሉ ከዋክብትን ለማዛመድ የተሠራን የስሌት ዘዴ ወስደው በሻርክ ጀርባ ላይ ሞከሩት። ሠራ! ከዚያ ወዲህ ከስንጥቡ ጀርባ ያለውን ጎን ያነሳ ማንኛውም ዋናተኛ ፎቶውን ለሳይንቲስቶች ሊልክ ይችላል፤ ሻርኩ ማን እንደሆነና ከዚህ በፊት የት እንደታየ ይለያል። የጂቡቲዎቹም በዚህ መንገድ ይታወቃሉ። ሰማይን ለማንበብ የተሠራ ዘዴ ባሕርን አነበበ።

ሄዳችሁ ስታዩ

ታዲያ እንሂድ ወይስ እንቅር? ዕድሉ ካላችሁ ሂዱ። እኛ «አትሂዱ» የሚል ሂስ አንጽፍም። 60 ሴንቲ ሜትር አክሪሊክ ብቻ ይዞን ከዓለም ትልቁ ዓሣ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ቀላል ነገር አይደለም፤ ስንቱ የባሕር ተመራማሪ ሙያውን የመረጠው እንዲህ ባለ መስኮት ፊት ቆሞ ነው። ግን በብልሃት እዩ።

መጀመሪያ፣ ሁሉን ጋለሪ በሩጫ ከማዳረስ አንዱ መስኮት ፊት ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። አንድ እንስሳ ምረጡና በዓይናችሁ ተከተሉት። ስንት ጊዜ ዞረ? በየትኛው በኩል ነው የሚዞረው? ሁልጊዜ አንድ መንገድ ነው ወይስ ይቀያይራል? ስልካችሁን ኪስ አስገቡ፤ ደብተር ካላችሁ ቁጠሩና ጻፉ። ሳይንስ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ቀጥሎ ጠይቁ። ሠራተኞቹና በጎ ፈቃደኞቹ ለዚህ ነው የቆሙት። «ይሄ እንስሳ ከየት መጣ? እዚህ ነው የተወለደው ወይስ ከባሕር ነው የተያዘው? ዱር ውስጥ ምን ያህል ይጠልቃል? ስንት ዓመት ይኖራል?» በሏቸው። በጨዋነት የተጠየቀ ጥሩ ጥያቄ ማንንም አያስቀይምም። መልሱ ጥሩ ከሆነ አኳሪየሙን አድንቁት፤ ከተድበሰበሰ ደግሞ ያም ራሱ መልስ ነው።

በመጨረሻ፣ ስትወጡ የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫው ውስጥ የፕላስ ሻርክ ከማማረጣችሁ በፊት ለራሳችሁ አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ ይህ እንስሳ እኔ ከምኖርበት ቦታ ጋር በምን ይገናኛል? ለዌል ሻርክ መልሱን አሁን ታውቃላችሁ። ለማንታ ሬዩ፣ ለቤሉጋው፣ ለፔንግዊኑ መልሱን እናንተ ፈልጉ። ገንዳው አልቆ ባሕሩ የሚጀምረው በዚህ ጥያቄ ነው።